ከማን ላንሳ?

ለእናቴ ስነግራት ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ማላዊ ልሄድ ነው አልኳት፣ ለሦስት ወር፣ በነጻ ላገለግል፣ ሚሲዮን ሆስፒታል ውስጥ። ዝም። "እማዬ? አለሽ?" "አለሁ" አለች። ቆየት ብላ ደግሞ "ሚሲዮን ነው ያልሽው?"

እኔ የመሰለኝ የሃይማኖት ነገር ነው። እኛ ቤት ሚሲዮን ሲባል ክኒን ከወንጌል ጋር የሚያድሉ ፈረንጆች ናቸው ቶሎ የሚታሰቡት፤ ቀጥሎ "የእገሌን ልጅ አስቀየሯት" የሚለው ወሬ ይመጣል። ስለዚህ ቀደም ብዬ "አይዞሽ፣ ጴንጤ ሆኜ አልመለስም" ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። "እሱን መች አልኩሽ። አንቺ ሆደ ቡቡ ነሽ፤ ሆደ ቡቡ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ አይሄድም" አለች። ነገሩን እንደ ተራ የእናት ስጋት ቆጠርኩት። ምን ማለቷ እንደነበር የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ተማርኩ፣ ጥቂት ዓመት ሠራሁ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ ይኸው ሜሪላንድ ከገባሁ 15 ዓመት አለፈኝ። የምሠራው ሕፃናት ክፍል ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ የአንዷ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ባለሙያዎች ወደ ማላዊ ይልካል። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጉዳይ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። "ሕፃን ልጅ ላይ ደም ሥር ማግኘት ትችያለሽ?" አሉኝ። እችላለሁ። "በቃ ችግር የለም።"

ዝግጅቱ ብዙ ነበር። ክትባት፣ የወባ መከላከያ ክኒን፣ ከማላዊ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ፣ የትኬት ብር። የሁለት ቀን ሥልጠናም ሰጡን። ውኃ እንዴት እንደሚጣራ፣ አጎበር እንዴት እንደሚሰቀል፣ የሰው ፎቶ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር እንደሆነ። ስለ ስሜት የተነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ልታዝኑ ትችላላችሁ።" ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ነርስ ነኝ፤ ኀዘንማ አውቃለሁ ብዬ ዘጋሁት። የማላውቀው ንዴትን ነበር። እፍረትንም። ሁለቱ ይመጡብኛል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው የለም።

ማላዊ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2022 ጥር መጨረሻ ላይ ነው። አና የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡቡን መትቶ ካለፈ ቀናት ቢሆኑት ነው፤ ካፒቺራ የሚባለውን የኃይል ማመንጫ ግድብ ስለሰበረው አገሪቱ ከመብራቷ ሲሶውን ያህል አጥታለች። እኔ የምሄደው ግን ወደ ሰሜን፣ ከምዙዙ ከተማ ወዲያ ነው። ከሊሎንግዌ ተነስተን ቀኑን ሙሉ ነዳን። ቀይ አፈር፣ በቆሎ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃ፣ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች። ጅማ መንገድ ላይ ያለሁ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ለሾፌሩ በአማርኛ አወራሁት።

ያን አካባቢ ሚሲዮን የያዘው ገና ድሮ ነው። ስኮትላንዳዊው ዶክተር ሮበርት ሎውስ እ.ኤ.አ. በ1875 መጥቶ ጓደኞቹ በወባ እየሞቱበት፣ ሰፈር እየቀየረ፣ እስከ 1927 ቆይቷል። ሃምሳ ሁለት ዓመት! እኔ ለሦስት ወር ሻንጣ ሳዘጋጅ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዛሬ በማላዊ የአብያተ ክርስቲያናት ሆስፒታሎች በአንድ ማኅበር ሥር ናቸው፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ። በተለይ ገጠር ላይ ብዙውን ሸክም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ፈረንጅ ዶክተር በየክፍሉ ይርመሰመሳል ብላችሁ እንዳታስቡ። እኔ በነበርኩበት ሆስፒታል ከውጭ የመጣነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ሥራውን የሚሠሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ሕክምና የሚሰጡትም እንደ እኛ ጤና መኮንን ያሉ ባለሙያዎች እንጂ ዶክተሮች አይደሉም።

የሕፃናት ክፍሉን የሚመሩት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ነርስ ነበሩ። ሁሉም "ማማ" ይላቸዋል፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታ የለውም። በልቤ ግን አንቱ ነበር የምላቸው፣ ስለዚህ እዚህም እንደዚያው ልጻፍ። አጭር ሴት፣ ነጭ የፕላስቲክ ጫማ፣ ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተሰካ የእጅ ሰዓት። በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ይህን ነው፦ "ከኢትዮጵያ ነሽ? እናንተ ጋ ሆስፒታል የለም?"

ጥያቄው ሦስት ወር ሙሉ ከጉሮሮዬ አልወረደም። አለ እንጂ! ሞልቷል፣ ሰው የሚፈልግ። ታዲያ ለምን እዚያ አልሄድኩም? ያኔ አገር ቤት ጦርነት ነበር፣ እሱ አንድ ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ያ ብቻ አይደለም። አገሬ ላይ እኔ ጥላ የሄደች ነርስ ነኝ። ማላዊ ላይ ግን መጥታ የረዳች ነርስ ነኝ። ይህንን ለራሴ ያመንኩት እዚያው፣ አጎበር ውስጥ ተኝቼ ነው። ማማ አብረዋቸው ከተማሩት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ የሄዱ ነበሩ፤ ያኔ የማላዊ ነርስ እንግሊዝ አገር በገፍ ነበር የሚገባው። እሳቸው ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ጠይቄያቸው "እናቴ ታማ ነበር" ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ጀግንነት የሚመስል ነገር አልነበረውም አነጋገራቸው።

ወሩ የወባ ወር ነው። ዝናብ ሲጠና ወባው ይጠናል፣ የዓምናው በቆሎ ደግሞ ያልቃል፤ አዲሱ የሚደርሰው በሚያዝያ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ልጅ ወባ የያዘው ብቻ ሳይሆን የራበውም ነው። ደማቸው አልቆ መዳፋቸው እንደ ወረቀት የነጣ ልጆች። ሄሞግሎቢን 3! ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ቁጥር ባይ ላቦራቶሪው ተሳስቷል ብዬ እንደገና አስለካ ነበር። ደም መስጠት ነው መፍትሔው፣ ደሙ ካለ። እዚያ ከደም ለጋሾች አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸውና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የደም ባንኩም አብሮ ይራቆታል። ይህን ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ደስታም ነበረ፣ እንዳላዳላ። አርቲሱኔት የሚሉት የወባ መርፌ ጉድ ነው። ማታ በሰው እጅ እየተንቀጠቀጠ የገባ ልጅ ሦስተኛው ቀን ላይ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲማውን ሲገምጥ ታገኙታላችሁ። ሲማ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ጠንከር ያለ። ዐቢይ ጾም የካቲት 21 ሲገባ ምን ልበላ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ለካ ነርሶቹ በየቀኑ የሚበሉት የጾም ነው፦ ሲማ፣ ባቄላ፣ በለውዝ ዱቄት የተሠራ የዱባ ቅጠል። ፈረንጆቹ የእንግዳ ማረፊያው ውስጥ ዶሮ ሲበሉ እኔ ከነርሶቹ ጋር መብላት የጀመርኩት በጾሙ ሰበብ ነው። ወሬ የሰማሁትም እዚያ፣ ሳህን ዙሪያ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ። ዳር ዳር የምለው እኮ እሷን ሽሽት ነው።

መጋቢት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የመንግሥት መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፤ ናፍጣው እስከ ንጋት ይደርስ እንደሆነ ዘበኛው በእንጨት እየለካ ይነግረናል። ኦክስጅን ከአየር የሚለይ ማሽን ሁለት ነበረን፣ አንዱ ተበላሽቷል። የሚሠራው ላይ ማከፋፈያ ተገጥሞለታል፤ ከአንዱ ማሽን አምስት ቀጫጭን ቱቦ ይወጣል፣ ለአምስት አፍንጫ። ቱቦዎቹ ወለሉ ላይ ተጋድመው እንደ ሐረግ በአልጋዎቹ ሥር ያልፋሉ፣ አስታማሚዎቹ እንዳይረግጧቸው እየዘለሉ ይሄዳሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ አባት ወንድ ልጁን አዝሎ ገባ። የሳንባ ምች። ደረቱ ከጎድን አጥንቱ ሥር እየሰመጠ ነው የሚተነፍሰው።

ማሽኑ አንድ፣ ቱቦው አምስት፣ ልጆቹ ስድስት።

ማማ ባትሪያቸውን ይዘው አምስቱንም አልጋ ዞሩ። እያንዳንዱ ጋ ቆሙ፣ ጣት ላይ የሚደረገውን መለኪያ አደረጉ፣ ዐይን ገልጠው አዩ። ከዚያ ሦስተኛው አልጋ ላይ ካለችው ልጅ አፍንጫ ቱቦውን አወጡ። ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ከገባች ጀምሮ አልነቃችም። ቱቦውን በአልኮል ጠርገው ወደ አዲሱ ልጅ ወሰዱት።

እኔ ጮኽኩ። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፣ ግን ጮኽኩ። "አይቻልም፣ እየተነፈሰች እኮ ነው፣ እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?" እናቲቱ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ጩኸት ግን ትርጉም አያስፈልገውም፤ ቀና ብላ አየችኝ። ማማ ቱቦውን የልጁ ጉንጭ ላይ በፕላስተር እየለጠፉ፣ ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉኝ፦

"እሺ። ከማን ላንሳ?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ልጅቷ ሊነጋ ሲል ሞተች። እናቷ በጨርቅ አዘለቻት። በሕይወት እንዳለ ልጅ ጀርባዋ ላይ አዘለቻት። እኔ መድኃኒት ክፍል ገብቼ፣ የግሉኮስ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ አፌን በክንዴ አፍኜ አለቀስኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ማማ በሩን ከፍተው ገቡ፣ በፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ይዘዋል። ጎኔ ተቀምጠው እስክረጋጋ ጠበቁኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። ደግ ሴት ናቸው አልኩ በልቤ። በዚያ ሰዓት ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ወንዱ ልጅ ድኖ ወጣ። የሚገርመው ፊቱን አላስታውሰውም። የእሷን ግን ቅንድቧን ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ጠዋት እንደወትሮው የጸሎት ሰዓት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ በአራት ድምፅ ይዘምራል፣ ያለ ምንም መሣሪያ፤ እንዲህ ያለ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም። ማማም ቆመው ይዘምራሉ፣ ሌሊቱን ባደሩበት ልብስ። እኔ ንዴቴ ጨመረ። እንዴት ይዘመራል? ልጅቷ እኮ ገና መንገድ ላይ ናት፣ ገና ሰፈሯ አልደረሰችም! በእኛ ሥርዓት ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፤ ኀዘን ቀን ይቆረጥለታል። እዚህ ግን ጸሎቱ ሲያልቅ ቀጥታ ወደ ዋርድ ነው። ልባቸው ደንድኗል ብዬ ደመደምኩ፣ በቃ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማማ ከማረፊያቸው ተመልሰው መጡና ውጭ ከማንጎ ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። የተናገሩትን ቃል በቃል ለመጻፍ እሞክራለሁ። "ትናንት ሌሊት ብቻዬን አርባ አንድ ልጅ ነበረኝ" አሉ። "መድኃኒት ክፍል ስገባ አርባ ሁለተኛ አገኘሁ።" ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና፣ "ማልቀስ ኃጢአት አይደለም። እኔም አለቅሳለሁ። ቤቴ፣ ከእህቴ ጋር። አንቺም ሰው ፈልጊ፤ እዚህ ግን አይደለም፣ እዚህ ሰው የለሽም፣ እዚህ ሥራ ነው ያለሽ።"

ተናደድኩ፣ ቆሰልኩ፣ ሁለት ቀን ኩርፊያ የሚመስል ነገር ያዘኝ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የነካኝ ክብሬ ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ደመወዜን ትቼ መጥቼ፣ ጭራሽ ተጨማሪ በሽተኛ ነሽ ልባል? በኋላ ግን ዐይኔ ተከፈተ መሰለኝ፣ ሌሎቹን ማየት ጀመርኩ። ከእኛ ጋር የመጣ ወጣት አሜሪካዊ ዶክተር ነበር፣ መልካም ልጅ። ልጅ በሞተ ቁጥር ከአገሬው ነርሶች አንዷን ይዞ "ምን ማድረግ ነበረብኝ?" እያለ ይጠይቃል፣ እሷም ታጽናናዋለች፤ የአልጋዋ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። በአምስተኛው ሳምንት ትኬቱን አሳጥሮ ሄደ። አልፈረድኩበትም። እኔን ራሴን ነው ያየሁት።

የገንዘቡ ነገርም አለ፣ እሱን ባጭሩ። እናቶችና ሕፃናት ላይ ሆስፒታሉ ከመንግሥት ጋር ውል አለው፤ ሌላው ሰው ግን እየከፈለ ነው የሚታከመው። አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ የቀዶ ጥገና ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ። ሜሪላንድ ላይ የአንድ ምሽት የእራት ሒሳብ ነው። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በነጋታው ጠዋት የማረፊያዬ በር ላይ ሦስት ቤተሰብ ቆሞ አገኘሁ፣ ቢላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በትሕትና። ለአንዱ ከፈልኩ። ለሁለቱ የለኝም አልኩ፣ ነበረኝ ግን። እነዚያ ሁለቱ አሁንም በሬ ላይ ናቸው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ማማ ከወንዶች ክፍል መልእክት ላኩብኝ። "የአንቺ ሰው ይመስለኛል፣ ነይ።"

ፖሊስ ነው ያመጣው። መንገድ ዳር ወድቆ አግኝተውት ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ዲዳ ነው ብለው ካርዱ ላይ ጽፈውለታል። እግሩ አብጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ገና ከበሩ ሳየው አወቅኩት፤ ማንነቱን አይደለም፣ አገሩን። አልጋው አጠገብ ቆሜ "ወንድሜ፣ እንዴት ነህ?" አልኩት። ዞሮ አየኝ። ብዙ ቆይቶ፣ "ሲስተር፣ ሀበሻ ነሽ?" አለ። ነኝ አልኩት። "ጆበርግ ደርሰናል?"

ሆሳዕና አካባቢ ነው አገሩ። አማርኛው የትምህርት ቤት አማርኛ ነው። ዕድሜውን 20 አለኝ፤ 17 ቢሆነው ነው። ይህ መንገድ እኛ ሰዎች ስለ እሱ ብዙ የማናወራው መንገድ ነው። ስለ ሊቢያና ስለ የመን እናወራለን፤ በሞያሌ ወጥቶ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ የሚገባውን የሀድያና የከምባታ ልጅ ግን ወላጆቹና ደላላው ናቸው የሚያውቁት። በታሸገ መኪና ተጭነው መጡ፣ አየር አጠረ፣ እሱ ሲዝለፈለፍ ሬሳ እንዳይሆንባቸው አወረዱት። የነገረኝ ይህን ያህል ነው።

ዐይኔ ሲሞላ ታወቀኝ። "መጣሁ" ብዬ ወጣሁ፣ ውጭ ቧንቧው ጋ ፊቴን ታጠብኩ፣ ተመለስኩ። ቆምኩ። ከጥር እስከዚያ ቀን ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደ ሥራ የምቆጥረው ያንን መመለስ ነው።

በቃሉ የያዘው አንድ ስልክ ቁጥር ነበር፣ የወንድሙ፣ ጆሃንስበርግ። በእኔ ስልክ ደወልን። በሀድይኛ ነው ያወሩት፣ አንድም ቃል አልገባኝም፣ ሲጨርስ ግን ተርጉሞ "ተነስ፣ ሰው እልክልሃለሁ አለኝ" አለኝ። ምን ልበል? እዚያ አገር ያለፈቃድ የገባ ሰው ሲሻለው ይታሰራል፣ ፖሊሱም በየሁለት ቀኑ እየመጣ "ዳነ?" ይላል። "ተመለስ" ልበለው? ወደ ምን? "ሂድ" ልበለው? ደግሞ እኔ ማነኝ፣ በአውሮፕላን የሄድኩ ሰው ነኝ፣ ወረቀቴን በፖስታ የተቀበልኩ። ነጠላዬን ሰጠሁት፣ ሌሊት ይበርደው ነበርና። ሌላ ያደረግኩለት ነገር የለም።

በስድስተኛው ቀን አልጋው ባዶ ነበር። ነጠላዬ ተጣጥፎ ትራሱ ላይ። በትክክል ነው የታጠፈው፣ ጥለቱ ወደ ውጭ። ማማ መዝገቡ ላይ "ጠፋ" ብለው ጻፉና ቀና ብለው አዩኝ። አላለቀስኩም። "እሺ፣ ቀጣዩ አልጋ" አልኩ። ስለው ግን የራሴ ድምፅ የእሳቸውን ድምፅ መሰለኝ፤ አስፈራኝ እንጂ አላኮራኝም። ደንዳና ያልኳቸው እኮ እሳቸውን ነበር።

ለፋሲካ አዲስ አበባ ደረስኩ፤ ሚያዝያ 16 ነበር የዚያ ዓመት ፋሲካ። እናቴ አይታኝ "ከስተሻል" አለች፣ ዶሮ አቀረበች፣ ጠግቤያለሁ ብል አልሰማ አለች። ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ ያችን ሌሊት ነገርኳት። ቱቦውን፣ ልጅቷን፣ መድኃኒት ክፍሉን፣ ማማ ያሉኝን። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣ "ወንድምሽ የሞተው ሚሲዮን ሆስፒታል ነው" አለች።

ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ። በ77 በኩፍኝ ሞተ፣ ይኸው ነው የማውቀው። አባቴ መምህር ነበርና ደቡብ ተመድቦ ነበር፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ አያቴ ጋ ነኝ። የት እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ ጠይቄ አላውቅም፤ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

"አንድ ወጣት ፈረንጅ ሐኪም ነበር" አለች። "ለጥቂት ጊዜ ነው የመጣው አሉ። ሌት ተቀን አልተለየንም፣ እግዜር ይስጠው። ሕፃኑ ሲያርፍ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ግራ ገባው። እኔ ነጠላዬን አንስቼ ፊቱን ጠረግኩለት። አይዞህ፣ አይዞህ አልኩት። በአማርኛ። ልጄ ገና አልተገነዘም።" የቡና ሲኒውን አዟዟረች። "ደግ ልጅ ነበር። ግን እኔ መቼ ላልቅስ?"

ሠላሳ ሰባት ዓመት አልፎታል። እሷ አሁንም ሲኒውን ነው የምታየው።

ሜሪላንድ ተመልሼ ሥራ የገባሁ ቀን አልጋ ሳዘጋጅ ግድግዳው ላይ ያለውን የኦክስጅን መክፈቻ ከፈትኩ። ሽሽሽ አለ። እያንዳንዱ አልጋ ራስጌ አንድ አለ፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት። ግድግዳው ውስጥ ኦክስጅን አለ እኮ! ስንት ዓመት ስከፍተው ኖሬ አንድ ቀን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ፈረቃዬ እስኪያልቅ ስንት እንደሆኑ ስቆጥር ዋልኩ። ሰዎች "እንዴት ነበር?" ይላሉ፤ ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚሰጧችሁ፣ "አሪፍ ነበር" ትላላችሁ። ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እናቶች "ጽድቅ ነው የሠራሽው" ይሉኛል። በሬ ላይ የቆሙትን ሁለቱን ቤተሰቦች ለእነሱ እንዴት ላስረዳ?

ጥቅምት ላይ ዜናውን ያየሁት በስልኬ ነው። ሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ፣ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር። መጀመሪያ 25 ሬሳ፣ በነጋታው ተጨማሪ። ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። ልጁ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖታል፣ እሱ ሊሆን አይችልም፣ ይህን ጊዜ ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ቆሟል ብዬ ደጋግሜ ቆጠርኩ። የወንድሙ ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር፤ ደወልኩ፣ አይሠራም። እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ምንም አላልኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም፤ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ እሷ ጎኔ ሆና፣ በየካቲት ያልተለቀሰውንም በመጋቢት ያልተለቀሰውንም አንድ ላይ አለቀስኩት። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አላየንም። ልጆቿ ፒዛ አዘው በሉ።

በሳምንቱ ለማማ ደወልኩ። ጡረታቸውን አንድ ዓመት አራዝመዋል። ከኋላቸው ልጅ ይጮኻል፣ ጄኔሬተሩም ይሰማኛል። ዜናውን ሰምተዋል፣ ልጁንም አልረሱትም። "አለቀስሽ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ከማን ጋር?"

"ከእህቴ ጋር።"

"ጥሩ" አሉ። ጮክ ብለው ለሆነ ሰው በቱምቡካ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። "ዝናቡ ሊገባ ነው። ትመጫለሽ አይደል? እስክሪብቶ ያዢ። የአፍንጫ ቱቦ፣ የሕፃን፣ ትንሹን ቁጥር። ማከፋፈያ፣ ካገኘሽ ሁለት። ፕላስተር ደግሞ ያ ሰፊው አይደለም፣ ጠባቡን፣ ጉንጭ የማይልጠውን..."